የአሮጌ ትራክተር የኤሌክትሪክ ጥገና በደብረ ብርሃን፦ የአንድ ጋራዥ አገልግሎት ግምገማ

ባለፈው ታኅሣሥ ከጅሩ በአይሱዙ ጭነን ደብረ ብርሃን ያደረስነው ትራክተራችን በሦስተኛው ቀን ሲመለስ የተቀየረለት ዕቃ ጥቂት ሜትር ሽቦ፣ አንድ የማሳ (የባትሪ መመለሻ) ገመድ፣ አንድ ትንሽ አምፖልና ሁለት ፊውዝ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ወራት ግን ለዚያው ብልሽት አንድ አዲስ ባትሪ፣ ባትሪ የሚሞላ አንድ ያገለገለ አልተርኔተርና የሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) ካርቦን በተለያየ ጊዜና በተለያየ ቦታ ገዝተናል፤ ትራክተሩ ግን ጧት ጧት አልነሳም ማለቱን አልተወም። ይህን የምጽፈው ዕቃ እየቀያየረ ብልሽቱን በሚያባርር ሠራተኛና አስቀድሞ ለክቶ ብልሽቱ ያለበትን ቦታ በሚያገኝ ባለሙያ መካከል ያለውን ልዩነት በገዛ ኪሴ ስላየሁት፣ በአካባቢያችንም አሮጌ ትራክተር ይዘው የሚቸገሩ ብዙዎች ስላሉ ነው።

የጋራዡን ስም የማልጠቅሰው ባለቤቱ ስለለመኑኝ ነው። «የያዝኩትን ሥራ በቀጠሮው ማድረስ አቅቶኝ ሳለ ሌላ ወረፋ አታምጣብኝ» ብለውኛል። በዕድሜ የገፉ፣ ሠራተኞቻቸውም ሆኑ ደንበኞቻቸው ጋሼ የሚሏቸው ሰው ናቸው። የትራክተርና የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ እንጂ ሌላ ሥራ አይነኩም፤ ሞተር የሚፈታ ሰው ቢመጣባቸው ወደ ጎረቤት ጋራዥ ይሸኙታል።

ትራክተሩ ማሴ ፈርጉሰን 135 ነው። ይህ ሞዴል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ የእኛው በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ውስጥ ከተሠሩት ወገን ነው፤ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተርና 45 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ከሦስተኛ እጅ ገዝተነው ለእርሻ፣ ከዚያም በላይ ስንዴውን ከማሳ ወደ አውድማ ለማጓጓዝና ውኃ ለማመላለስ እንጠቀምበታለን። በመካኒካል በኩል አላስቸገረንም፤ ፐርኪንሱ ጥሩ ናፍጣና ንጹሕ ዘይት እስካገኘ ድረስ ይሠራል። ያስቸገረን ከሃምሳ ዓመት በላይ በብዙ እጅ ሲቆረጥና ሲቀጠል የኖረው ሽቦው ነው።

ብልሽቱ አንድ መልክ ብቻ ቢኖረው ኖሮ ቀድመን እናገኘው ነበር። አንዳንድ ጧት ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው አንዴ «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል፤ አንዳንድ ጧት ደግሞ ድምፅ እንኳ የለውም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ምንም ያልነካነው ትራክተር አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ይነሳል። እሑድ አርፎ ሰኞ ሲነቃ ባትሪው ብዙ ጊዜ ወድቆ ይገኛል። በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ሁሉም ይብሳል፤ ባትሪ በቅዝቃዜ ጊዜ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይትም ይወፍራል፣ ስለዚህ በሐምሌ የማይታይ ትንሽ ጉድለት በታኅሣሥ ትራክተር ያስቆማል። ምርት አውድማ ሳይደርስ በሜዳ የከረመበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

በመጀመሪያ የሄድንበት ሠራተኛ ባትሪውን በካቻቢቴ አጋጭቶ ብልጭታውን ካየ በኋላ «ይህ ሞቷል» ብሎ አዲስ አስገዛን። ለአሥር ቀን ያህል ደኅና ሆነ፤ አዲስ ባትሪ የሌሎችን ጥፋት ለጥቂት ጊዜ ይሸፍናልና። ሁለተኛው አልተርኔተሩን ፈትቶ ሌላ ያገለገለ ገጠመልን፤ የሞተሪኖውንም ካርቦን ቀየረ። ሁለቱም ለመመርመር አላስከፈሉንም። ያን ጊዜ ይህን እንደ ደግነት ቆጥሬው ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን ምርመራው በነጻ የሆነው ገቢያቸው ከሚሸጡት ዕቃ ስለሆነ ነው፤ ዕቃ ሳይሸጥ የሚያልቅ ምርመራም ለእነርሱ የሚያዋጣ አይደለም።

በደብረ ብርሃኑ ጋራዥ አሠራሩ ከመግቢያው ይለያል። የፍለጋ ዋጋ ለብቻው፣ የሥራና የዕቃ ዋጋ ለብቻው ነው። ለፍለጋው 1,500 ብር ጠየቁን፤ ብልሽቱን ካላገኙት እንደማይቀበሉ፣ ካገኙት ግን ጥገናውን ሌላ ቦታ ብናሠራውም እንደምንከፍል አስቀድመው ነገሩን። ወንድሜ «ለማየት ብቻ?» ብሎ ቅር ብሎት ነበር። እኔም ልቤ አላመነም፤ ነገር ግን አይሱዙው ትራክተሩን አውርዶ ሄዷል።

ጋሼ የመሣሪያ ሣጥናቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሦስት ነገር ጠየቁ። የፊት መብራቱ በርቶ ሞተሪኖው ሲሞከር መብራቱ ይደበዝዛል ወይስ እንዳለ ይቆያል? ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ የቻርጅ ቀይ መብራት ይበራል? ትራክተሩን ቀለም ያስቀባችሁት መቼ ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በትክክል መመለስ አልቻልንም፤ ለወራት ስንሠቃይ መብራቱን አብርተን ሞክረን አናውቅም ነበር። የሦስተኛው መልስ ግን በአፋችን ነበር፤ ባለፈው ክረምት ሙሉ በሙሉ ቀይ ቀለም አስቀብተነው በጣም ኮርተንበት ነበር። ጋሼ ፈገግ ብለው «እንግዲህ ማሳውን እናያለን» አሉ።

ለማያውቅ አንባቢ ልግለጽ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማሳ የሚሉት የባትሪው አንዱ ጫፍ ከተሽከርካሪው ብረት ጋር የሚያያዝበትን መመለሻ ነው፤ ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን እኛ ከምናርሰው ማሳ ጋር በአጋጣሚ ተገናኝቷል። ገበሬ የሆነ ደንበኛ «ማሳህ ተበላሽቷል» ሲባል የሚደነግጥበት ጊዜ እንዳለ የጋራዡ ልጆች እየሳቁ ነግረውናል። ኤሌክትሪክ በአንድ ሽቦ ወደ ሞተሪኖው ሄዶ በትራክተሩ ብረት በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል፤ መመለሻው ከተበላሸ መሄጃው የቱንም ያህል ቢያምር ጥቅም የለውም። ሰው ሁሉ የሚያየው ግን ቀዩን የፖዘቲቭ ገመድ ነው።

ምርመራው የተጀመረው ባትሪውን በመለካት ነው። አርፎ ያደረ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ከሆነ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል፤ 12.4 ከሆነ ሩብ ያህል ጎድሏል፤ ወደ 12.0 ከወረደ ባዶ ለመሆን የቀረው ጥቂት ነው። የእኛው 12.1 ነበር። በደከመ ባትሪ የሚደረግ ሌላ ምርመራ ሁሉ ስለሚያሳስት፣ ጋሼ ምንም ሳይነኩ ባትሪውን ቻርጅ ላይ አዋሉት። በመሃል መብራት ስለጠፋ ሙሉ ቀን ባከነ፤ ይህ የጋራዡ ጥፋት ባይሆንም ለአልጋ የከፈልነው እኛ ነን። በማግስቱ ባትሪው 12.7 ላይ ቆመ። ሦስት ወር ያልሞላው ባትሪ ምንም ጥፋት እንዳልነበረበት፣ ምናልባትም የፊተኛው ባትሪያችንም እንዳልነበረበት ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር የዚህ ግምገማ ዋና ምክንያት ነው። የቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) አንድ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርገው ወንድሜን «ሞተሪኖውን አዙረው» አሉት። ሁለቱ ቦታዎች በገመድ የተያያዙ ስለሆኑ በመካከላቸው ምንም ቮልት መታየት የለበትም ማለት ይቻላል፤ 0.2 ቮልት የመጨረሻው ወሰን ነው። ቴስተሩ 1.4 ቮልት አሳየ። በፖዘቲቩ በኩል ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ሲለኩ የጠፋው 0.3 ቮልት ብቻ ሆነ። ባትሪው በዚያች ቅጽበት በምሰሶዎቹ ላይ 10.9 ቮልት ነበረው፤ ለሞተሪኖው የደረሰው ግን 9.2 ብቻ ነው። የጠፋው 1.7 ቮልት በመንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል፤ ከዚህም አብዛኛው የቀረው በአንድ ቡሎን ላይ ነው።

ቡሎኑ ሲፈታ ሁሉም ተገለጠ። ቀለም ቀቢው ትራክተሩን በቀባ ጊዜ የማሳውን ገመድ ፈትቶ፣ የሚታሰርበትን ብረት ጨምሮ ሁሉንም ቀብቶ፣ ገመዱን በቀለሙ ላይ መልሶ አስሮታል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ግንኙነቱ የነበረው በቡሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ነበር፤ እርሱም ከጥቁር አፈራችን ጭቃ ጋር ዝጓል። መብራትና ጥሩምባ ጥቂት አምፔር ብቻ ስለሚፈልጉ በዚያች ቀዳዳ ይበቃቸዋል፤ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር የሚስበው ሞተሪኖ ግን አይበቃውም። ቀን ሲሞቅ የሚነሳውም ዘይቱ ሲቀጥን ሞተሪኖው የሚፈልገው ጉልበት ስለሚቀንስ ነው። ቀለሙን ያስቀባሁት እኔ ነኝ፤ ቀለም ቀቢውን «አንድም ብረት እንዳይቀርህ» ብዬ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚህ ረገድ ወቀሳውን ለሌላ ማስተላለፍ አልችልም።

ጋሼ ብረቱን እስኪያብረቀርቅ በብሩሽ አጽድተው፣ በሁለቱም ጫፍ ካፖኮርዳ (የገመድ ጫፍ ማሰሪያ) የተገጠመለት ወፍራም አዲስ ገመድ ከባትሪው በቀጥታ ወደ ሞተሪኖው ማሰሪያ ቡሎን ወሰዱት፤ ካጠበቁ በኋላ ቫዝሊን ቀቡት። ቫዝሊኑ የሚቀባው ከማጥበቁ በኋላ እንጂ በፊት እንዳልሆነ ለተለማማጆቹ ሲነግሩ ሰምቻለሁ። ዳግመኛ ሲለካ የጠፋው ቮልት 0.1 ሆነ። ወንድሜ ቁልፉን ሲያዞረው የሰማነው ድምፅ ለወራት የረሳነው ድምፅ ነበር።

ሌላ ጋራዥ ቢሆን እዚህ ላይ «በል ውሰድ» ይለን ነበር። ጋሼ ግን ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለኩ፤ 12.6 ቮልት ብቻ አሳየ። ይህ ማለት አልተርኔተሩ ምንም እየሞላ አይደለም። ቻርጅ የሚያደርግ ጤናማ ሥርዓት ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ማሳየት አለበት። ነዳጅ ከፍ አድርገው ሲሰጡት ቁጥሩ በድንገት ዘለለና ከ13 በላይ ወጣ። ሁለተኛው ጥያቄያቸው ትርጉም ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

በእኛ አካባቢ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ሁሉ ዲናሞ እንለዋለን፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ማሴ ፈርጉሰን 135 በጥንቱ ዘመን የሚመጣው በእውነተኛ ዲናሞ ሲሆን፣ ከርሱ ጋር ቮልቱን የሚቆጣጠርና ሞተሩ ሲቆም ባትሪው ወደ ኋላ እንዳይፈስ የሚያግድ ለብቻው የተቀመጠ ሣጥን ነበረው። የእኛው ላይ ዲናሞው ከረጅም ጊዜ በፊት በአልተርኔተር ተተክቷል። የዚህ ዓይነቱ አልተርኔተር መቆጣጠሪያው በውስጡ ነው፤ ነገር ግን መሥራት እንዲጀምር ከቁልፉ በኩል በቀዩ የቻርጅ አምፖል ውስጥ አልፎ የሚመጣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። አምፖሉ ለማሳወቂያ ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ የመንገዱ አካል ነው። ከተቃጠለ ወይም ከተነቀለ አልተርኔተሩ ይተኛል፤ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር ብቻ በብረቱ ውስጥ በቀረችው ጥቂት ማግኔት ሊነቃ ይችላል። በእኛ ትራክተር ላይ አምፖሉ አለ፣ ግን ከፊተኞቹ ጥገናዎች በአንዱ «አይቃጠልም» ተብሎ በኤልኢዲ ተተክቷል። ኤልኢዲ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለሆነ አልተርኔተሩን ለመቀስቀስ አይበቃም። ጋሼ ኤልኢዲውን ነቅለው ባለ 2.2 ዋት የተለመደ አምፖል ተከሉ፤ ሞተሩ እንደተነሳ አልተርኔተሩ ወዲያው መሙላት ጀመረ። ትራክተሩን በዝቅተኛ ዙር ለምንነዳው ለእኛ፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ሳይሞላ ይውል የነበረው በዚህች አምፖል ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ጥፋት የተገኘው ሁሉ ነገር ከተዘጋ በኋላ ነው። ቁልፉ ተዘግቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ቴስተሩን ወደ አምፔር መለኪያ ቀይረው በባትሪውና በገመዱ መካከል ሲያገቡት 0.4 አምፔር አሳየ። ምንም ባልተከፈተበት ትራክተር ይህ ዜሮ መሆን ነበረበት። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ንጋት 36 ሰዓት ቢሆን ወደ 14 አምፔር ሰዓት ይፈሳል፤ የእኛ ባትሪ ደግሞ 80 ነው። በቂ ሳይሞላ ከዋለ ባትሪ ላይ ይህ ሲነሳ ሰኞ ጧት የሚሆነውን ነግሬአችኋለሁ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ሲፈልጉ ፍሳሹ የቆመው የአሮጌው ዲናሞ ሣጥን ሲላቀቅ ነው። አልተርኔተሩን የገጠመው ሰው የዲናሞውንና የባትሪውን ሽቦ ከሣጥኑ አውጥቶ እርስ በርስ ማያያዝ ሲገባው፣ በሣጥኑ ላይ እንዳሉ በአጭር ሽቦ አገናኝቷቸዋል። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት የመዳብ ጥቅልሎች ሥራ ባይኖራቸውም ከባትሪው ጋር ሌት ተቀን ተያይዘው ኤሌክትሪክ ሲጠጡ ኖረዋል። ሣጥኑ በእጅ ሲነካ ለብ ያለ ነበር፤ በደብረ ብርሃን ጧት ለብ ያለ ብረት ማግኘት ራሱ ማስረጃ ነው።

በዚያው አጋጣሚ ከአልተርኔተሩ እስከ ባትሪው የሚሄደው ሽቦ ለጥንቱ ዲናሞ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ መሆኑ ታየ። የፊት መብራቱ በርቶ በአልተርኔተሩ ላይ 14.2 ቮልት ሲለካ በባትሪው ላይ የደረሰው 13.3 ብቻ ነበር። በ10 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ ከተተካ በኋላ 14.0 ደረሰ። ባለሙያው «ሽቦ እንደ ቦይ ነው፤ ውኃው ቢበዛ ቦዩ ካልሰፋ ማሳው አይረካም» ሲሉ የትኛውን ማሳ ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ዝም ብሎ ድምፅ ማጣቱ፣ ማለትም «ቀጭ» እንኳ ሳይል መቅረቱ፣ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ምክንያት ነበረው። ይህ ትራክተር ማርሹ ነጻ ካልሆነ ሞተሪኖው እንዳይዞር የሚያግድ የደኅንነት ስዊች በካምቢዮው ላይ አለው። የእኛው በዘይትና በአቧራ ተሞልቶ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም ነበር። ወንድሜ ሁለቱን ሽቦዎች በቀጥታ አገናኝተው እንዲሰጡት ጠየቃቸው፤ ብዙ ትራክተሮች እንዲህ መደረጋቸው እውነት ነው። ጋሼ እምቢ አሉ። ማርሽ ውስጥ ያለ ትራክተር ሰው መሬት ላይ ቆሞ በካቻቢቴ ሲያስነሳው ወደፊት ዘልሎ ያስነሳውን ሰው በኋላ ጎማው እንደሚረግጥ፣ ናፍጣ ሞተር ደግሞ ለመነሳት አንድ ዙር እንኳ እንደሚበቃው አስረዱት። «ሽቦውን ከማገናኝ ፍለጋውን ጨምሮ ገንዘብህን መልሼልህ ብትሄድ ይሻለኛል፤ ልጄ፣ እኔ ለቅሶ አልሄድም» አሉት። ስዊቹን ፈትተው በናፍጣ አጥበው መልሰው ገጠሙት፤ ከዚያ ወዲህ አልሳተም። ስለ ጋራዡ ሌላ ምንም ባልጽፍ ይህን አንዱን ነገር ብቻ እጽፍ ነበር።

የቁልፉን ነገር በተመለከተ አንድ የሰጡን ምክር ለናፍጣ ትራክተር ባለቤቶች ሁሉ ይጠቅማል። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የምትፈነጥቅ ካንዴላና ቦቢና ስለሌለው ቁልፉን መዝጋት ብቻውን አያጠፋውም፤ የሚጠፋው የነዳጅ ማቆሚያው ገመድ ሲሳብ ነው። ሾፌሮች ገመዱን ስበው ሞተሩ ሲቆም ሥራቸው ያለቀ ይመስላቸውና ቁልፉን ክፍት ትተው ይወርዳሉ። ቀዩ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ይበራል፤ ባትሪውም በከንቱ ይፈሳል። ለውርጭ ጊዜ ናፍጣ እያቃጠለ የሞተሩን አየር የሚያሞቀው ማሞቂያም በናፍጣ እጦት ደርቆ ስለነበር ቱቦውን አጽድተው ሞሉት።

አሁን ቅሬታዬን ልጻፍ። ጋራዡ ወደ ገጠር አይወጣም። አንድ ቶን ተኩል ገደማ የሚመዝን ትራክተር በአይሱዙ አስጭኖ ማምጣትና መመለስ ከጥገናው ሒሳብ በላይ አስወጥቶናል፤ ጠቅላላ ለጋራዡ የከፈልነው ፍለጋውን ጨምሮ 8,900 ብር ሲሆን የጭነቱ ከዚያ ይበልጣል። አንድ ተለማማጅ በቴስተርና በጥቂት ገመድ ሞተር ሳይክል ይዞ ቢወጣ ቢያንስ የማሳው ጥፋት እዚያው ማሳችን ላይ ይገኝ ነበር። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው «ልጆቹ ገና ናቸው» ብለው አለፉት፤ መልሱ አላረካኝም፣ ምክንያቱም ከተለማማጆቹ አንዷ የሣጥኑን ፍሳሽ ከእርሳቸው ቀድማ ጠርጥራ ነበር።

አዲሱ ሽቦ ሁሉ ቀይ ነው። በእጃቸው የነበረው ይህ ብቻ ስለሆነ የቁልፉም፣ የአምፖሉም፣ የአልተርኔተሩም ሽቦ በአንድ ቀለም ተዘርግቷል፤ በየጫፉ በጨርቅ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ምልክት ቢደረግበትም በመጀመሪያው ክረምት እንደሚጠፋ አልጠራጠርም። እኔ ቤት ስገባ በደብተር ላይ ሥዕሉን ሥዬ አስቀምጫለሁ፤ ይህ ግን የጋራዡ ሥራ መሆን ነበረበት። የጽሑፍ ዋስትና አይሰጡም፤ ቃላቸው ብቻ ነው። ግቢያቸው ጣሪያ የለውም፣ ስለዚህ በክረምት ለሚሄድ ሰው ቀጠሮው ከተባለው ይበልጥ እንደሚዘገይ መገመት ይቻላል። ስልክ አያነሱም። ቻርጅ የሚያደርጉት በከተማው መብራት ብቻ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፤ ባትሪውን ሞልቶ ይዞ መሄድ የሚችል ሰው አንድ ቀን ያተርፋል።

የነዳጅ መለኪያው ሰዓት እስካሁን አይሠራም። «ከፈለግህ እፈልገዋለሁ፣ ፍለጋው ግን ለብቻው ነው» አሉኝ፤ እኔም በእንጨት እየለካሁ መቀጠልን መረጥኩ።

ከጥገናው ወዲህ ሦስት ወር አልፏል። ከመርካቶ አንድ ርካሽ ቴስተር ገዝቼ ሰኞ ሰኞ ትራክተሩ ከመነሳቱ በፊት እለካለሁ፤ ከ12.5 ወርዶ አላየሁትም። ሞተሩ ሲሠራ 14 አካባቢ ይቆማል። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ትራክተሩ የተቧጨረበትን ቦታ ሁሉ ቀለም ለማስቀባት አስቦ ነበር፤ ቀቢው ሲመጣ የማሳው ቡሎን ላይ የማሽላ አገዳ አስሬ «ይህን አትንካ» ብዬ ጽፌበት አገኘው።